ጥርሴን አነጣለሁ ብዬ

ወዳጆቼ፣ ከሰው ገላ ሁሉ እንደ ጥርስ ጉረኛ የለም። ልብ ዕድሜ ልኩን ሲለፋ ደረት ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ጉበትን ከሐኪምና ከሥጋ ቤት በቀር አይቶት የሚያውቅ የለም። ጥርስ ግን ገና ምንም ሳይሠራ ከፊት ወጥቶ ይሰለፋል። ያማረ እንደሆነ ባለቤቱን ያለ ሥራው ያስወድደዋል። ያላማረ እንደሆነ ደግሞ እንደኔ ያደርገዋል።

የእኔ ጥርስ ቡናማ ነበር። ቢጫ አላልሁም፤ ቢጫማ በስንት ጣዕሙ! ቡና የተደፋበት ወረቀት ሲደርቅ የሚይዘውን መልክ አስቡት፤ እዚህም እዚያም ነጫጭ ነቁጥ ጨምሩበት። የተወለድሁት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ አባቴ በቀን ሠራተኝነት ይኖርበት በነበረ የእርሻ ቦታ ነው። የጉድጓድ ውሃ እየጠጣሁ አደግሁ። መንግሥት ሲለወጥ አባቴ ቤቱን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ወደ ደባርቅ ተመለሰ። እሱ ፍራሽና ድስቱን ይዞ መጣ፤ እኔ ጥርሴን። ትምህርት ቤት በገባሁበት ቀን ልጆቹ ከበው አፌን አዩና «ይኸ ልጅ አፈር ይበላል» ብለው ፈረዱ። ይግባኝም አልጠየቅሁ፤ አፌን ገጠምሁት።

«ከንፈርና ጥርስ ሲደጋገፍ ያምር» ይላሉ አበው። የእኔ ከንፈር ግን ጥርሴን ደግፎት አያውቅም፤ እንደ እስረኛ ነው የጠበቀው። ኋላ ልብስ ሰፊ መሆኔም በጀኝ። ስፒል በከንፈሩ የነከሰን ሰው ማንም «ለምን አትስቅም?» አይለውም። ለፓርክ ጥበቃዎች ካኪ፣ ለካህናት ቀሚስ እየሰፋሁ፣ ስፒሌን እንደነከስሁ ዓመታት አለፉ። ይባስ ብሎ ዝምታዬ እንደ ጥበብ ተቆጠረልኝ። ሰዎች ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው ስለ ድንበር ክርክራቸው ያማክሩኝ ጀመር። እኔ «እም» እላለሁ። በሳምንቱ ተመልሰው «ያልኸው አልቀረም!» ይሉኛል። ምን እንዳልሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናኑን እስካገኝ ድረስ እንዲህ ተከብሬ እኖር ነበር።

እናኑ ዳባት ላይ ፎቶ ቤት ነበራት። ጊዜው ከሚሌኒየሙ በኋላ ነው፤ ዲጂታል ካሜራ ወደ እኛ አገር ብቅ ያለበት ሰሞን። ጨርቅ ልገዛ ዳባት ወርጄ፣ መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ፎቶ ልነሳ ገባሁ። ከእኔ ፊት አንድ ሚሊሻ ተቀምጧል። ጠመንጃውን አቅፎ፣ ቅንድቡን አጨማዶ፣ ካሜራውን እንደ ጠላት ያየዋል።

«ጋሼ» አለችው እናኑ፣ «ፎቶው ለማን ነው የሚላከው?»

«ለእናቴ።»

«እንግዲያው ይኸን ሲያዩ ‹ልጄ ምን አድርጌው ነው የተጣላኝ?› ብለው ሊያለቅሱ ነው።»

ሚሊሻው መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ እናቱ ፎቶውን ይዘው ሲያለቅሱ ታዩት መሰለኝ፣ ከት ብሎ ሳቀ። ካሜራው ቀጭ አለ። ወዳጆቼ፣ እንደዚያ ያለ እጅ በሙያዬ አይቼ አላውቅም። እኔ ሰውን የማሳምረው በስንት መቁረጥ፣ በስንት መስፋት ነው፤ እሷ በአንድ ቃል ጨረሰችው።

ተራዬ ደረሰ። «ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አለችኝ። ከንፈሬ እንደ ባንክ ካዝና ጥርቅም ብሎ ቀረ። «ለመታወቂያ መሳቅ ግዴታ አይደለም፤ ግን የሚያየው ሰው በሕይወት መኖርዎን ይወቅ እንጂ!» አለች። በአፍንጫዬ ሳቅሁ። ቀረብ አለችና አገጬን በጣቷ ወደ ብርሃኑ መለስ አድርጋ፣ «ግድ የለም፣ ዓይንዎ ይስቃል» አለችኝ።

አለቀልኝ። ከዚያ ወዲያ ያልተነሳሁት ፎቶ የለም። በኮት ተነሳሁ፤ ያለ ኮት ተነሳሁ፤ በጎን ተነሳሁ። ፎቶዬን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም። በመጨረሻ ራሷ «ፎቶውን ተወውና ሻይ ጋብዘኝ» አለችኝ። «እርስዎ»ውም ያን ለት ቀረ።

ስለ ሳቋ ልንገራችሁ። እናኑ ስትስቅ አትሽኮረመምም፣ አፏን በነጠላ አትሸፍንም። ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ነው የምትስቀው። ጥርሷ የበየዳ ተራራ በረዶ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ምን እንደተባለ ሳይሰማ አብሯት ይስቃል። እኔ ብቻ መዳፌን አፌ ላይ ጭኜ በትከሻዬ እስቃለሁ። አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ይኸንንም አደንቅላት ነበር፤ ያላየች መስሎኝ።

አጎቴና ሌሎች ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ሄዱ። አባቷ መሪጌታ ክንፈ የአቋቋም መምህር ናቸው። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ «ነገሩ መልካም ነው፤ ግን ልጁንም ይዛችሁልኝ ኑ። ሳላየው አልመልስም» አሉ። ማታውኑ እናኑ ደወለች።

«አባቴ ያጫውትሃል። እባክህ ሳቅ በልለት። ኮስታራ ሰው አይወድም። ‹የማይስቅ ወንድ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሚስቱን ይመታል› ይላል።»

ስልኩን ዘግቼ መስታወት ፊት ቆምሁ። ስንት ዓመት ዘግቼ የኖርሁትን በር ከፍቼ አየሁት። ሌባ መባል ይሻላል ወይስ አፈር በሊታ?

ወዳጄ ደሴን አማከርሁት። ደሴ አስጎብኚ ነው። የሰሜንን ተራራ ለፈረንጅ ሲያስጎበኝ የማያውቀውን ወፍ ስም ፈጥሮ የሚሰጥ፣ ለምንም ነገር መልስ የማያጣ ሰው ነው። «ከሰል!» አለኝ። «የተፈጨ ከሰል። ፈረንጆቹ ራሳቸው ይጠቀሙበታል።»

ከሰሉን ወቅጬ፣ በውሃ ለውሼ፣ ሱቄ ጓሮ ቆሜ በኃይል ፈተግሁት። ወጥ ያረረበት ድስት ነው የሚፈተገው ብትሉ ይቀላል። አፌ እንደሞላ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ቄስ የሰፋሁላቸውን አዲስ ነጭ ቀሚስ ሊለኩ መጥተዋል። ሮጬ ገብቼ በምልክት ተቀመጡ አልኋቸው። ቀሚሱን ለብሰው ከፊቴ ቆሙና «ከወደ ጫፉ አልረዘመም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሰነፍ፣ ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል ብዬ አፌን ከፈትሁ።

ከሰል የተረጨበትን ያንን ቀሚስ አሁን ዲያቆን እንኳ አይለብሰውም። ሌላ ሰፋሁላቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ «አይዞህ፣ ልብህ ነጭ ይሁን እንጂ ቀሚስስ ይተካል» ብለው ሄዱ። ጥርሴን ባየው ቡናማው እንዳለ ነው፤ በየመካከሉ ግን ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። አፌ ባለጥለት ሆነ።

በማግስቱ ወደ ሎሚ ዞርሁ። ሎሚ የናስ ሳህን ያነጣል፤ ጥርስ ከናስ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ያነጣዋል። ይኸ ሒሳብ የእኔ ነው፤ ደሴን አትውቀሱት። ሎሚ ጨመቅሁ፣ ጨው ጨመርሁ፣ ለመተማመኛ ሶዳ ነሰነስሁ። አፌ ውስጥ እንደ ጠላ ገነፈለ። አረፋው በአፍንጫዬ ሲወጣ ጎረቤቴ ባለሱቁ አይቶኝ «የሚጥል በሽታ ያዘው!» ብሎ ክብሪት ሊያሸተኝ ሮጦ መጣ።

ያን ጊዜ መተው ነበረብኝ። በማግስቱ ጠዋት አፌን ከፍቼ ስተነፍስ የደባርቅ ብርድ ጥርሴ ውስጥ ገባ። የደባርቅን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በአፍንጫ ሲገባ ጤና ነው። በጥርስ ሲገባ ግን የራስ ቅልን ከውስጥ የሚጠቀጥቅ መርፌ ነው። ሙቅ ያመኛል፣ ቀዝቃዛ ያመኛል፣ ማር ያመኛል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይኸ ነው፤ በገዛ እጄ በደህና ጥርስ ላይ ሕመም ተበደርሁ።

ለፓርኩ ጥበቃዎች ካኪ ላደርስ ተራራው ላይ ቡይት ራስ የወጣሁት በዚያ ሳምንት ነው። ደሴ እንግዶች ሸኝቶ እዚያ ነበር። ከመንገዱ ዳር የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ይነጫል። አንዱ አውራ ቀና ብሎ አየኝና የላይኛውን ከንፈሩን እስከ አፍንጫው ገለበጠው። ድዱም ጥርሱም ተዘረገፈ። ደሴ «ተቆጥቶ ነው፤ ዓይኑን አትየው» ይለኛል። እኔ ግን ዓይኑን አይደለም የማየው። ከንፈሩን ያለ አንዳች ይሉኝታ የሚገለብጥ ፍጡር እንዴት አይደነቅ!

ደሴ ሳያዝንልኝ አልቀረም። ከኪሱ አንድ ዕቃ አወጣ። አንዲት ቱሪስት ስትሄድ የተወችለት የጥርስ ማንጫ ጄል ነው፤ የቦክሰኛ የጥርስ መከላከያ የሚመስል ላስቲክም አብሮት አለ። ጀርባውን አነበበልኝ። «እዚህ ላስቲክ ላይ ትንሽ ታደርጋለህ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነክሰህ ትቆያለህ፣ ታወጣለህ። በየቀኑ እንዲህ እያልህ ቀስ በቀስ ነው።»

ቀስ በቀስ! ሽምግልናው ነገ ነው። ጥቂት ደቂቃ ጥቂት ካነጣ፣ ብዙ ደቂቃ ብዙ ማንጣት የለበትም? ላስቲኩን እስከ አፉ በጄል ሞላሁትና ከሰዓቱን ሙሉ ነክሼው ሱቄ ውስጥ በስፌት መኪናዬ ልብስ ሳገጣጥም ዋልሁ። ላስቲኩ ለእኔ አፍ ሰፊ ስለነበር ጄሉ በድዴና በከንፈሬ ላይ ይፈስሳል። ሲያቃጥለኝ «እየሠራ ነው» እላለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን የምለቅምበት አፍም አልቀረልኝ።

ሳወጣው ድዴ ነጥቷል። አዎ፣ ድዴ! ከንፈሬ አብጦ ጎማ አክሏል። ጥርሴ ላይ የነበሩት ነጫጭ ነቁጦች ይበልጥ ነጥተው ያበራሉ። ቡናማው ግን «እኔን ነው?» ብሎ እንደ ባለርስት ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ነጩ ሲነጣ ቡናማው ይበልጥ ጎላ። ጥርሴ የነብር ቆዳ መሰለ።

በዚህ አፍ ነው እንግዲህ ዳባት የሄድሁት። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተጠቅልዬ ከአጎቴ ጎን ተቀመጥሁ። መሪጌታ እናኑ እንዳለችው ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ስለ ተማሪነታቸው ዘመን፣ ለምነው ስለበሉበት ቤት ውሻ እየነገሩ ሽማግሌዎቹን በሳቅ አፈረሷቸው። እኔ በትከሻዬ እነቃነቃለሁ። ወደ እኔ ዞረው፣

«አንተስ ልጄ፣ ትዳር ምንድን ነው ትላለህ?» አሉኝ።

«እም» አልሁ። ደባርቅ ላይ ጥበብ የነበረው ቃል ዳባት ላይ ከንቱ ሆነ።  በመሪጌታ ፊት ላይ የሳቁ ጥላ ቀስ እያለ ሲከስም አየሁት። እናኑ በሩ ጋ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። አጎቴ በክርኑ ጎሸመኝ። በዚያ መሐል ኮረፌ ቀረበ። ከጓዳ የወጣ፣ ጭጋግ የመሰለ ቀዝቃዛ የገብስ መጠጥ። እምቢ ማለት ነውር ነው። አንድ ጉንጭ ሳብሁ።

ወዳጆቼ፣ ከመደቡ ላይ ተነስቼ ነው የጮህሁት። «ዋይ!» ብዬ አፌን በረገድሁት። ጋቢው ወደቀ። በሩ ክፍት ነበርና ከዳባት የከሰዓት ፀሐይ አንዲት ጨረር ቀጥ ብላ ገብታ አፌ ላይ አረፈች። የተቃጠለው ድድ፣ ያበጠው ከንፈር፣ የነብሩ ጥርስ፣ ሁሉም ታየ።  አጎቴ ብቻ በለሆሳስ «በስመ አብ» ሲል ተሰማ።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ አጎቴ መለሱ። «እንግዲህ... የዛሬው ይበቃል። መልሱን እናሳውቃችኋለን» አሉ።

ጋቢዬን አንስቼ ወጣሁ። አጥር ጥግ እንደቆምሁ እናኑ ከኋላዬ መጣች። ልትሰናበተኝ የመጣች መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«አፍህን ክፈት» አለችኝ።

«እናኑ፣ እባክሽ...»

አገጬን በጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ መለሰችው፤ ያኔ ፎቶ ቤት እንዳደረገችው። ብዙ ሰው እንደዚያ ያለ አፍ ሲያይ ወይ ፊቱን ያዞራል፣ ወይ ያዝናል። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ ጊዜዋን ወስዳ፣ እንደ ባለሙያ አየችው።

«ቡናማው የቆየ ነው። ቁስሉ ግን የሰሞኑ ነው። ምን አደረግኸው?»

ከሰሉንም፣ ሎሚውንም፣ ጄሉንም ነገርኋት። ስለ ቄሱ ቀሚስ ስነግራት ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ዋጥ አደረገችው።

«ቡናማነቱን አውቅ ነበር» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጎንደር አብረን በሄድን ጊዜ። አውቶቡስ ላይ አፍህን ከፍተህ ተኝተህ አልነበር? እስከ ጎንደር ድረስ አየሁት። ፊት ማየት እኮ ሥራዬ ነው።» ከዚያ ቆጣ አለች። «ያስቀየመኝ ጥርስህ አይደለም። ይኸን ሁሉ መከራ ብቻህን መብላትህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳትቀባ። ጎንደር ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

«አባትሽ እምቢ ቢሉስ?»

«አባቴ እምቢ ቢል ጥርስህ መታመሙን ይተዋል?»

እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ጎንደር ያገኘነው የጥርስ ሐኪም ወጣት ነው፤ ንግግሩ ግን የሽማግሌ ነው። አፌን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ የት ተወልጄ እንዳደግሁ ነበር። ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«የእርስዎ ቀለም ከላይ የተቀባ አይደለም። በልጅነትዎ፣ ጥርስዎ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ከጠጡት ውሃ የመጣ ነው። ውሃው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የሻይና የቡና ቀለም ቢሆን ኖሮ ቤት ውስጥም ይለቅ ነበር።»

ልብስ ሰፊ ነኝና ገባኝ፤ አፈርሁም። ጨርቅ ላይ የተደፋ ወጥ በሳሙና ይለቃል። ክሩ ሳይሸመን የተነከረበትን ቀለም ግን ዕድሜ ልክ ብታጥቡት ጨርቁ ያልቃል እንጂ ቀለሙ አይለቅም። ከሰሉና ሎሚው የበሉት ጨርቁን ነበር።

«ታዲያ ነጭ ያደርጉታል?» አለችው እናኑ።

«ነጭ አደርገዋለሁ አልልም። የተሻለ አደርገዋለሁ» አለ። ደስ አለኝ። በዚያ ሰሞን ባዶ ተስፋ ያልሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ለዚህም ነው ያመንሁት።

መጀመሪያ ድዴ እስኪድን ምንም አልነካኝም፤ ለስላሳ ብሩሽና ሕመም የሚቀንስ የጥርስ ሳሙና ብቻ ሰጠኝ። ስድን ጥርሴ ላይ እንደ ድንጋይ የጋገረውን ቆሻሻ በመሣሪያው ጠርጎ አነሳው። ቆሻሻ ላይ የተቀባ ማንጫ ቆሻሻውን እንጂ ጥርሱን አያገኘውም አለኝ። ከዚያ በገዛ አፌ ልክ ላስቲክ አሠራልኝ። አቤት! ሰው በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ ለብሶ እንደማያምርበት ሁሉ፣ በሌላ ሰው አፍ ልክ በተሠራ ላስቲክ ጥርስ እንደማይነጣ ከእኔ በላይ ማን ማወቅ ነበረበት? ሐኪሙ የሰጠኝ ጄልም ያው የዚያ ጄል ዘር ነው፤ ግን ለዘብ ያለ። በስሱ እቀባለሁ፣ ድዴ ላይ የፈሰሰውን እጠርጋለሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ አወጣለሁ፣ ካመመኝ ቀናት አሳርፈዋለሁ። ሻይ፣ ቡናና ቀይ ወጥ ለጊዜው ተከለከልሁ። እናኑም ሻይ ቤት ስንገባ ለሁለታችንም ሙቅ ውሃ ታዝ ነበር። ማንም ሳይከለክላት።

ቡናማው ፈዘዝ አለ፤ ነጫጩ ነቁጥና እሱ ተቀራረቡ። አልለቅም ያሉትን የፊት ጥርሶቼን ሐኪሙ የጥርስ መልክ ባለው ነገር በስሱ ለበጣቸው። ጨርሶ መስታወት ሰጠኝ። በረዶ አልሆነም። ታጥቦ የደረቀ የጥጥ ክር መልክ ነበረው። እኔ ግን ክር አዋቂ ነኝ፤ ደህና ክር ነው።

እናኑ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «አሁን ፎቶ አላነሳህም» አለችኝ። «አሁን ዝም ብዬ ልይህ።»

ያን ለት ከጎንደር እስከ ዳባት በሚኒባሱ ውስጥ ያወራሁት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት የታፈነ ወሬ ነው! ሰዎች ዞረው ያዩኛል። እሷ ፊቴን እያየች ትሰማለች። ዳባት ስንደርስ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። መሪጌታ ክንፈ መናኸሪያው በር ላይ ቆመዋል። መልሳቸውን እስከዚያን ቀን አላሳወቁም ነበር።

ወርጄ እጅ ነሳሁ። እሳቸው እናኑን «አንቺ ቤት ሂጂ፣ እደርሳለሁ» አሏት። ወደ እኔ እየተገላመጠች ሄደች። እኔን ክንዴን ያዙና ከቆመ አውቶቡስ ኋላ ወሰዱኝ። ሰው መኖር አለመኖሩን ግራ ቀኝ አዩ። ሊያሰናብቱኝ ነው፤ ሰው ፊት ላለማዋረድ ነው ብዬ ደመደምሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው።

«አቤት መሪጌታ።»

«ያ የጎንደር ሐኪም... ወጣት ብቻ ነው የሚያክም ወይስ ሽማግሌም ይቀበላል?»

 «ሁሉንም ይቀበላል መሪጌታ። ምነው፣ አመመዎት?»

«ሕመም አይደለም፤ መልኩ ነው። ማኅሌት ቆሜ አፌን በከፈትሁ ቁጥር ተማሪዎቼ የሚያዩት ዜማዬን ይሁን ጥርሴን እንጃ። እናኑ የአንተን ስትነግረኝ ሰነበትሁ እያሰብሁ።» ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። «ጊዜ ይወስዳል?»

«እንደ ጥርሱ ነው። ቀስ ተብሎ ነው የሚሠራው፤ መቸኮል አይወድም። ያስቸኩላል እንዴ?»

መሪጌታ ክንዴን ለቀው፣ የማያስተውል ተማሪ እንደሚታይ አዩኝ።

«ታዲያስ! ልጄን ስድር አፌን ሸፍኜ ልመርቃችሁ ነው?»